ዊንዶውስ 11 የጣለውን ላፕቶፕ በዱብቲ ሙቀት ጌም ማጫወቻና የቪአር መሥሪያ ማድረግ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። አፋር ክልል ውስጥ ዱብቲ፣ ሎጊያ ወይም ሰመራ ሆነው ያገለገለ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ዴል ላቲትዩድ ወይም ሌኖቮ ቲንክፓድ የሚጠቀሙ ከሆነ «ይሄ ማሽን አበቃለት» ያለዎት ሰው አይጠፋም። አላበቃለትም። ሊነክስ የተባለውን ነጻ ሥርዓተ ክወና ከጫኑበት ገና ለዓመታት ይሠራል፣ ጌም ያጫውታል፣ የራስዎን የቪአር (የምናባዊ እውነታ) ዓለም ለመሥራትም ይበቃል።

ችግሩ ሌላ ነው። ስለ ሊነክስና ስለ ጌም የሚጻፉ መመሪያዎች አብዛኞቹ ቀዝቃዛ ክፍል፣ የማይቋረጥ መብራትና ያልተገደበ ኢንተርኔት እንዳለዎት ቆጥረው ይጀምራሉ። ዱብቲ ሀጋይ በሚባለው የሙቀት ወቅት ቀትር ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። አቧራው በየቀዳዳው ይገባል፤ ዳታ በብር ይቆጠራል። ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፦ መጀመሪያ ማሽኑን ከሙቀት ማዳን፣ ቀጥሎ ሊነክስን መጫን፣ ከዚያ ጌም፣ መጨረሻ ላይ ቪአር። ይህን ገልብጦ ከሁሉ በፊት የቪአር መነጽር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል ብዬ አምናለሁ።

ላፕቶፑን ይወቁት

ፕሮሰሰሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። «አይ5-6300ዩ» የሚል ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 6 ጀነሬሽኑን ይነግርዎታል፤ «አይ5-4300ዩ» ከሆነ 4ኛ ጀነሬሽን ነው። ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ አይደለም። የዊንዶውስ ጌም በሊነክስ ላይ የሚሠራው ዳይሬክትኤክስ የተባለው የማይክሮሶፍት የግራፊክስ ሥርዓት ቩልካን ወደሚባለው ሥርዓት እየተለወጠ ነው። ከ6ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ የኢንቴል ግራፊክስ ቩልካንን በደንብ ይደግፋል፤ የ4ኛ ጀነሬሽን ድጋፍ ግን ጎዶሎ ነው። ስለዚህ 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን ልዩ ቦታ አላቸው፤ ዊንዶውስ 11 አልፈልግም ያላቸው ሊነክስ ግን ሙሉ በሙሉ የሚያሠራቸው እነሱ ናቸው። ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዙ ከሆነ እነሱን ይጠይቁ። በእጅዎ ያለው 4ኛ ጀነሬሽን ከሆነም አይጣሉት፤ ከታች የምዘረዝራቸውን የሊነክስ የራሱ ጌሞች ብዙዎቹን ያጫውታል።

ራሙንም ይዩ። ለብቻው የተሠራ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ የቪዲዮ ሜሞሪውን የሚወስደው ከራሙ ነው። በዚህ የተነሳ አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም ከመትከል ሁለት ባለ 4 ጊጋ መትከል ጌሙን በግልጽ ያፈጥነዋል። ሃርድ ዲስኩ የሚሽከረከረው የድሮው ዓይነት ከሆነ ወደ ኤስኤስዲ ይቀይሩት።

ሙቀቱን ይቅደሙት

ይህን ክፍል ዘልለው ወደ ጌሙ አይሂዱ። ፋን ፕሮሰሰርን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም። ክፍሉ 25 ዲግሪ ሲሆን 75 ዲግሪ ላይ የሚሠራ ፕሮሰሰር ክፍሉ 42 ሲሆን ለዚያው ሥራ 92 ዲግሪ ይጠጋል። ከኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ ወደ 100 ዲግሪ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ጌሙ መንቀርፈፍና መቆራረጥ የሚጀምረው ያኔ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ሊነክስ ለጌም አይሆንም» ብሎ ይደመድማል። ጥፋቱ ግን የሙቀቱ ነው፤ ዊንዶውስም ቢሆን ያው ነበር። ስቲም ዴክ የተባለውን በሊነክስ የሚሠራ የእጅ ጌም ማጫወቻ የሚያመርተው ቫልቭ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አውሮፓ በሙቀት ስትመታ መሣሪያው በደንብ የሚሠራው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ እንደሆነ ለደንበኞቹ አሳውቆ ነበር። ዱብቲ ይህን ቁጥር ለወራት በየቀኑ ያልፈዋል።

እንግዲህ ላፕቶፑን አጥፍተው፣ ቻርጀሩን ነቅለው፣ የስሩን ክዳን ይፍቱ። ከፋኑ አጠገብ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች የተደረደሩበት ማቀዝቀዣ አለ። ማሽኑ ዱብቲ ከሰነበተ በፋኑና በቅጠሎቹ መካከል አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተጋግሮ ያገኙታል፤ ከውጭ ሲያዩት ፋኑ ይዞራል፣ አየሩ ግን አይወጣም። ከውጭ በብሎወር መንፋት ብቻውን ይህን አያነሳም፤ እንዲያውም መልሶ ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል። ፋኑን ፈትተው አቧራውን በብሩሽ ያንሱት፣ የቀረውን ከቅጠሎቹ ወደ ውስጥ አቅጣጫ በብሎወር ያስወጡት። ሲነፉ ፋኑን በጣትዎ ይያዙት፤ በንፋስ ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ይበላሻል። ማቀዝቀዣው ከተነሳ አይቀር የደረቀውን ቴርማል ፔስት ጠርገው አዲስ ትንሽ ጠብታ ያድርጉ። መፍታት ካልለመዱ ጥገና ቤት ይውሰዱት፤ ነገር ግን «ፋኑን አውጥታችሁ አጽዱልኝ፣ ፔስቱንም ቀይሩልኝ» ብለው በግልጽ ይጠይቁ።

ከዚያ በኋላ አቀማመጡ ነው። ብዙዎቹ ላፕቶፖች አየር የሚስቡት ከስር ነው። አልጋ፣ ፍራሽ ወይም ምንጣፍ ላይ ሲያስቀምጡት ይታፈናል። ጠረጴዛ ላይ አድርገው በጀርባው በኩል ሁለት የለስላሳ ክዳን ከስር ያስገቡ፤ ይህች ትንሽ ክፍተት ለውጥ አላት። እርጥብ ጨርቅ ከላዩም ከስሩም አያድርጉ። ማሽኑን ለማቀዝቀዝ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም አደጋ ነው፤ ሲያወጡት የዱብቲ አየር ውስጡ ውሃ ይሆንበታል።

ሰዓትም ይምረጡ። በሀጋይ ከባድ ጌም የሚጫወቱት ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ይሁን። በቀን ቀላሉን ይጫወቱ፣ ወይም ያንብቡ፣ ይጻፉ። ቀዝቀዝ ያለው ወቅት ጊላል ሲገባ፣ ከጥቅምት በኋላ፣ ነጻ ነዎት።

ስለ መብራት በአጭሩ፦ ሄዶ ሲመለስ ቻርጀሩ ተሰክቶ አይጠብቀው፤ ይንቀሉና ደቂቃዎች ቆይተው መልሰው ይሰኩት። ስታቢላይዘር ካለ የተሻለ ነው። ባትሪ ደግሞ በሙቀት ውስጥ ሁልጊዜ 100 በመቶ ሞልቶ መዋል ያሳጥረዋል። ቲንክፓድ ከሆነ ቲኤልፒ በተባለው የሊነክስ ፕሮግራም ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም ማድረግ ይቻላል።

ሊነክስን ይጫኑ

ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ያስተዋወቀው ሊነክስ ዛሬ በብዙ ስም ይሰራጫል፤ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ ዴቢያን፣ ሚንት ሌሎችም። ጀማሪ በምርጫ ብዛት ጊዜውን ሲያጠፋ ማየት ያሳዝነኛል። ለአሮጌ ላፕቶፕ ሊነክስ ሚንትን፣ ያውም ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላሉን ዓይነት ይውሰዱ። 4 ጊጋ ራም ላይ በደህና ይሠራል፣ መልኩ ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው አይከብድም፣ 22ኛው ትውልድም እስከ ሚያዝያ 2021 ዓ.ም. ድረስ ማሻሻያ ያገኛል።

ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ባይት ይጠጋል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ የወረደ ፋይል ጎዶሎ ሊሆን ስለሚችል የሚንት ድረ ገጽ ላይ ካለው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ያመሳክሩት፤ ይህን የዘለለ ሰው መጫኑ መሃል ላይ ሲቆምበት ምክንያቱ አይገባውም። ከዚያ 8 ጊጋ ፍላሽ ያዘጋጁ። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድመው ይገልብጡት። በዊንዶውስ ላይ ሩፈስ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍተው ፋይሉን ፍላሹ ላይ ይጻፉ። ላፕቶፑን አጥፍተው ሲያበሩ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9ን፣ ዴል ወይም ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ12ን ደጋግመው ይጫኑና ፍላሹን ይምረጡ።

ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ይነሳል። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፅ አለ? ካሜራውና የስክሪኑ ብርሃን ይሠራሉ? ሁሉም ከሠራ መጫን ይጀምሩ። ፎቶና ሰነድዎ ሌላ ቦታ መገልበጡን፣ ባትሪውም መሙላቱን ያረጋግጡ፤ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ የሚያድንዎት ባትሪው ነው። ጫኚው ሊነክስን ከዊንዶውስ ጎን እንዲያስቀምጥ ይምረጡ። «ዲስኩን አጥፋ» የሚለው ምርጫ ያለዎትን ሁሉ ይወስዳል፤ እያወቁ ካልሆነ አይንኩት።

ተጭኖ ሲያበቃ መጀመሪያ ታይምሺፍት በተባለው ፕሮግራም የሥርዓቱን ቅጂ ያስቀምጡ፤ ነገ የሆነ ነገር ቢበላሽ ወደ ዛሬ ይመለሳሉ። ለአማርኛ አይባስ የሚባለውን የጽሕፈት ዘዴ ከኤም17ኤን ጋር ከሶፍትዌር ማናጀር ጭነው ሴራ የተባለውን አማርኛ ይምረጡ። አፋርኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ በተለመደው ኪቦርድ ይሄዳል።

አንዱ ያውርድ፣ ሁሉም ይጠቀም

ሊነክስ በዱብቲ ከሚሰጣቸው ጥቅሞች ይህን አስበልጬ አየዋለሁ። ከሚንት ጋር የሚመጣው ዋርፒኔተር አንድ ዋይፋይ ላይ ባሉ ማሽኖች መካከል ያለ ኢንተርኔት ፋይል ያስተላልፋል። የአንዱ ስልክ ሆትስፖት ከፍቶ ሁለት ላፕቶፕ ቢገናኙበት በቂ ነው፤ ዳታው ጠፍቶም ይሠራል። ስቲም የተባለው የቫልቭ የጌም መደብርም ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አንዱ ኮምፒውተር ያወረደውን ጌም ሌላው በዚያው ኔትወርክ ላይ እንዲወስድ ይፈቅዳል። ስለዚህ የሰፈር ጓደኞች ይስማሙ፤ አንዱ በሌሊት ፓኬጅ ያወርዳል፣ በማግስቱ ሌላው ይቀዳል። ስቲም በራሱ ጊዜ ማሻሻያ እያወረደ ፓኬጅዎን እንዳይበላ፣ ሴቲንጉ ውስጥ ገብተው የማውረጃ ሰዓት ይወስኑለት።

ጌሞቹ

ነጻ በሆኑትና ለሊነክስ በተሠሩት ይጀምሩ። ሱፐርታክስካርት የመኪና ውድድር ነው፤ አንድ ስክሪን ለሁለት ከፍሎ ያጫውታል፣ በዋይፋይም ያለ ኢንተርኔት ያገናኛል። ሉዋንቲ ዓለም የሚገነቡበት ነው። የዌስኖት ውጊያ ተራ እየጠበቁ የሚጫወቱት የስልት ጌም ሲሆን ማሽኑን ስለማያሞቅ ለሀጋይ ቀን የምመርጠው እሱን ነው። ዜሮ ኤዲ የጥንት ሥልጣኔዎች ጦርነት ነው፤ ከግንቦት 2010 ዓ.ም. ወዲህ የኩሽ መንግሥት ከነፒራሚዱና ከነቀስተኞቹ ገብቶበታል፣ ከሮምና ከግሪክ እኩል። ከ1 ጊጋ በላይ ቢሆንም ማውረዱ ይገባዋል።

የዊንዶውስ ጌም ሲፈልጉ ስቲምን ይጫኑ። ቫልቭ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ፕሮቶን የተባለውን መሣሪያ ካወጣ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ የዊንዶውስ ጌሞች ሊነክስ ላይ ይሠራሉ። ስቲም ሴቲንግ ውስጥ ተኳኋኝነት በሚለው ክፍል ፕሮቶን ለሁሉም ጌም መከፈቱን ይዩ። ዳታዎን ከማውጣትዎ በፊት ፕሮቶንዲቢ ላይ የጌሙን ስም ይፈልጉ፤ ተጫዋቾች የሞከሩትን በደረጃ ያስቀምጡበታል። ፕላቲነም ወይም ጎልድ ካለ ይሞክሩት። ከዚያ በታች ከሆነ የዱብቲ ዳታ አይባክንበት።

የማይሠራውንም በግልጽ ልንገርዎ። ኢንተርኔት ላይ የሚጫወቷቸው አንዳንድ ጌሞች የማጭበርበር መከላከያቸው ሊነክስን አይቀበልም። ፎርትናይትና ቫሎራንት አይሠሩም። ኤፔክስ ሌጀንድስ ሲሠራ ቆይቶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሩን ዘግቷል። የቅርብ ዓመታቱ የኢኤ የኳስ ጌሞችም እንዲሁ። ፕሌይስቴሽን ቤት የለመዱትን ኳስ ላፕቶፕዎ ላይ ካልተጫወቱ የማይሆንልዎት ከሆነ ዊንዶውሱን አያጥፉት፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይኑሩ።

ጌሙን ሲከፍቱ ጥራቱን ወደ 1280 በ720 ያውርዱ። ማንጎሀድ በተባለው ፕሮግራም ደግሞ በሴኮንድ 30 ምስል ላይ ይገድቡት። ገደብ የሌለው ጌም ማሽኑ የቻለውን ያህል ምስል ሲያወጣ ይውላል፤ ትርፉ ሙቀት ነው። ማንጎሀድ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ጥግ ላይ ያሳይዎታል። 90 ዲግሪን አልፎ ከቆየ ጥራቱን ይቀንሱ ወይም ያቁሙ።

መጫወት ብቻ ሳይሆን መሥራት የሚያምረው ወጣት ካለ ጎዶ የተባለውን የጌም መሥሪያ ያውርድ። ነጻ ነው፣ መጠኑም ትንሽ ነው፣ በዚህ ላፕቶፕ ይሄዳል። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉንና ገበታን ለስልክ ሠርቷል፤ ከዱብቲም ለግመሉና ለአዋሽ የሚሆን ጌም የማይወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ቪአር፣ በስልክና በካርቶን

ራሱን የቻለ የቪአር መነጽር፣ ለምሳሌ የሜታ ኩዌስት፣ ፊት ላይ የሚታሰር ባትሪ ያለው ኮምፒውተር ነው። አልቪአር ወይም ዋይቨርን በሚባሉ ፕሮግራሞች ከሊነክስ ጋር ይገናኛል፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ጠንካራ የግራፊክስ ካርድና ባለ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ይፈልጋል። እስካሁን ያወራንበት ላፕቶፕ ይህን አይችልም። ኤሲ የተገጠመለት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ ቢገዛ ይገባኛል። ለግለሰብ ግን ዱብቲ ላይ አልመክረውም።

በምትኩ ስልክዎን ይጠቀሙ። ጉግል በሰኔ 2006 ዓ.ም. ካርድቦርድ ብሎ ያወጣው የካርቶን መነጽር ንድፉ ለሁሉም ክፍት ነው። መጀመሪያ ስልክዎ ጋይሮስኮፕ እንዳለው ይፈትሹ፤ ርካሽ ስልኮች ብዙ ጊዜ የላቸውም። ዩቲዩብ ላይ ባለ 360 ዲግሪ ቪዲዮ ከፍተው ስልኩን ሲያዞሩ ምስሉ አብሮ ካልዞረ ስልኩ ለዚህ አይሆንም።

ሁለት እኩል የሆኑ ማጉያ ሌንሶች ያስፈልጋሉ፣ የትኩረት ርቀታቸው 45 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ። ርቀቱን ለማወቅ ሌንሱን ፀሐይ ላይ ይዘው ብርሃኑ መሬት ላይ በጣም ጠቦ ነጥብ የሚሆንበትን ቦታ ይፈልጉና ከሌንሱ እስከ ነጥቡ ያለውን በማስመሪያ ይለኩ። ያቺ ነጥብ ወረቀት ታቃጥላለች፤ መነጽሩን ስልኩ ውስጡ እያለ ፀሐይ ላይ ከተዉት ስክሪኑን የምታበላሸውም እሷ ናት። ከካርቶን ሳጥን ሠርተው ሌንሶቹን መሃል ለመሃል 62 ሚሊ ሜትር አራርቀው ይትከሉ፤ የስልኩ ስክሪን ከሌንሱ ከ45 ሚሊ ሜትር ትንሽ አነስ ባለ ርቀት ይቀመጥ። ስልኩ ቶሎ ስለሚሞቅ በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ አይለፉ፤ ቆመው ሳይሆን ተቀምጠው ይዩ።

ምን እንደሚያዩበት ደግሞ እኔ አንድ ነገር እመክራለሁ፣ የድንቅነሽን ጉልበት። አፅሟ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘው ድንቅነሽ፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ከዱብቲ ወደ ላይ በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ የነበረች ናት። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. የትከሻዋና የጉልበቷ አጥንቶች ባለ ሦስት ገጽታ (3ዲ) ፋይል በኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም ፈቃድ ኢሉሲ በተባለው ድረ ገጽ ለሕዝብ ተለቋል። የአፋር ልጅ አጥንቷን ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም፣ ይህ በእጁ አለ።

ብሌንደር የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከሶፍትዌር ማናጀር ይጫኑና ፋይሉን ያስገቡ። መለኪያው ሚሊ ሜትር ከሆነ ብሌንደር አንዱን ሚሊ ሜትር እንደ አንድ ሜትር ስለሚቆጥረው አጥንቱ እንደ ተራራ ገዝፎ ይገባል፤ በ0.05 ያባዙት፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ይቆማል። ከፊቱ ካሜራ በዓይን ቁመት፣ ከ1.5 ሜትር ርቀት ያስቀምጡ። የካሜራውን ዓይነት ፓኖራሚክ፣ ከዚያ ኢኩዊሬክታንጉላር ያድርጉት፤ ምስል ማውጫውን ሳይክልስ፣ ስቴሪዮስኮፒንም ይክፈቱ፣ ግራና ቀኙ ከላይና ከታች እንዲደረደሩ። ለእያንዳንዱ ዓይን 4096 በ2048 በቂ ነው። ሥራው ከባድ ስለሆነ ለሌሊቱ 10 ሰዓት ይተዉት፣ የክዳኖቹን ክፍተት ሳይረሱ።

የወጣውን ምስል በዋርፒኔተር ወደ ስልክዎ ያስተላልፉና ባለ 360 ዲግሪ የቪአር ምስል በሚያሳይ መተግበሪያ ይክፈቱ። የጭኗ አጥንት ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ማዘንበሉን ቀርበው ያዩታል፤ በሁለት እግር ትሄድ እንደነበረ ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። ምስሉ ሁለት ሆኖ ከታየዎት ሌንሶቹን በ2 ሚሊ ሜትር እያቀራረቡ ወይም እያራራቁ ይሞክሩ። ጠርዙ ብቻ ከደበዘዘ የተራ ሌንስ ባሕርይ ነው፣ ጥፋት አይደለም። ሁሉም ከደበዘዘ ደግሞ ስክሪኑን በጥቂቱ ወደ ሌንሱ ያስጠጉት። አጥንቱ ወደ ውስጥ የጎደጎደ መስሎ ከታየ የግራና የቀኝ ዓይን ምስል ተቀያይረዋል፤ መተግበሪያው ውስጥ ያገላብጧቸው።